ከከምበርላንድ እስከ ጆርጅታውን በሳይክል፦ ድንኳን ጭኖ፣ ፕላን ሳያበዙ እንዴት ይኬዳል

ዲሲና አካባቢው የምትኖሩ ጆርጅታውን ስትሄዱ ከኤም ስትሪት ወረድ ብሎ ያለውን ቦይ ሳታዩት አትቀሩም፣ አብዛኛው ሰው ድልድዩ ላይ ፎቶ ተነስቶ ያልፋል፣ እኔም ለዓመታት እንደዛው ነበርኩ። ቦዩ ሲኤንድኦ (ቼሳፒክ ኤንድ ኦሃዮ) ካናል ነው የሚባለው፣ ከጎኑ ያለችው የአፈር መንገድ ደግሞ ፖቶማክን ተከትላ 184.5 ማይል ትሄድና ሜሪላንድ ውስጥ ከምበርላንድ የምትባል ከተማ ላይ ታበቃለች። መቆፈር የጀመሩት በ1828 ነው፣ ከምበርላንድ የደረሱት በ1850፣ ሐሳባቸው ኦሃዮ ወንዝ ድረስ መሄድ ነበር ግን ባቡር ቀደማቸው፣ እንደምንም እስከ 1924 ድረስ በቅሎ በገመድ ጀልባ እየጎተተች ሲሠራበት ቆይቶ ጎርፍ መጥቶ በቃ አከተመለት። ለእኛ የተረፈን የበቅሎዋ መንገድ ነው። በቅሎ ጀልባ የምትጎትትበት መንገድ ዳገት የለውም፣ መኪናም አይገባበትም፣ እንደኔ ሳይክል ላይ ጀግና ላልሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

እኔና ጓደኛዬ መስቀል ባለፈ ሳምንት ሐሙስ ማታ ተነስተን ማክሰኞ ጆርጅታውን ገባን፣ አምስት ሌሊት ማለት ነው። ከመሄዳችን በፊት የወሰንነው ሦስት ነገር ብቻ ነበር፦ እንዴት እንደምንሄድ፣ የት ምግብ እንደማይገኝ፣ እና ሳይክል ቢሰበር መኪና ይዞ ማን እንደሚመጣልን። የት እንደምናድር፣ በቀን ስንት ማይል እንደምንሄድ፣ የት እንደምናርፍ ምንም አልተወሰነም። ይሄ ነገር ሌላ ቦታ ላይ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል፣ እዚህ ግን መንገዱ ራሱ ፕላን ይሠራላችኋል፣ እንዴት እንደሆነ ማደሪያው ጋ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

1. ከላይ ጀምሩ፣ ወደ ቤት ንዱ

ብዙ ሰው ከጆርጅታውን ተነስቶ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ከዛ መመለሻው ራስ ምታት ይሆንበታል። እኛ ገልብጠን ነው የሄድነው። ከዩኒየን ስቴሽን የሚነሳው የአምትራክ ባቡር ከምበርላንድ ይቆማል፣ በቀን አንዴ ስለሆነ ካመለጣችሁ ለነገ ነው፣ የሳይክል ቦታው ደግሞ ጥቂት ነውና ትኬት ስትቆርጡ ሳይክሉንም አብራችሁ ያዙ። ጥቅሙ ምን መሰላችሁ፣ በየቀኑ ወደ ቤት እየቀረባችሁ ነው የምትሄዱት፣ ከደከማችሁ ወይ ከተጣላችሁ የሚመጣላችሁ መኪና በየቀኑ መንገዱ እያጠረለት ይሄዳል። ከምበርላንድ ከባህር ወለል 605 ጫማ ከፍ ትላለች፣ ጆርጅታውን ዜሮ አካባቢ ነች፣ በ184 ማይል ተከፋፍሎ ቁልቁለቱ አይታወቃችሁም ግን በየሎኩ (ጀልባ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉበት የውሃ በር) ጋ ስትደርሱ አጭር ቁልቁል አለች፣ ሰባ አራት ሎክ ስላለ ሰባ አራቴ ፔዳል ሳትመቱ ትሄዳላችሁ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ የካምፒንግ ጋዝ ባቡር ላይ አይፈቀድም። እኛ ይሄን ያወቅነው ሻንጣ ከዘጋን በኋላ ነው፣ ጋዙን ቤት ትተን በእንጨት ልናበስል ወሰንን፣ ኋላ ላይ እንደውም ደስ አለን። የግድ ጋዝ እፈልጋለሁ የሚል ሰው የሚያደርሰው መኪና ይፈልግ፣ ከዲሲ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

2. ሳይክሉ

ውድ ሳይክል አያስፈልግም። የጓደኛዬ ከዕቃ ሽያጭ የተገዛ አሮጌ ማውንቴን ባይክ ነው፣ ከኔ አዲሱ የተሻለ ሄደ። ወሳኙ ጎማው ነው፣ መንገዱ አፈርና ጠጠር፣ ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ጭቃ ስለሆነ ቀጭን የአስፋልት ጎማ ይዛችሁ አትምጡ፣ ቢያንስ 35 ሚሊሜትር ይሁን፣ ከዛ በላይም ቢሆን ጥሩ ነው። ፓራፋንጎ አስገጥሙ፣ እኔ "አያስፈልግም" ብዬ ሁለተኛው ቀን ላይ ጀርባዬ እስከ አንገቴ ጭቃ ሆነ። ደወል ግዴታ ነው፣ የፓርኩ ሕግ ነው፣ ፍጥነትም ከ15 ማይል በላይ አይፈቀድም፣ እንደሱ የሚሄድም የለም።

ለየሳይክሉ ሁለት ሁለት ከመነዳሪ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ ፓምፕ፣ ማስቲሽ፣ የካቴና ዘይትና አንድ ሁለገብ መፍቻ ያዙ። ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ቁጭ ብላችሁ አንዴ ጎማ ፈታችሁ ግጠሙ፣ ዩቲዩብ ላይ ማየትና በጨለማ መፍታት አይገናኝም። ጭነቱ ከኋላ ፖርቶመጋላው ላይ በሁለቱም ጎን እኩል ይሁን፣ ጀርባ ላይ ቦርሳ ማዘል የሚባል ነገር እርሱት፣ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ትከሻችሁ ይነግራችኋል። ከሁሉም በላይ ጭናችሁ አንድ ቀን ሮክ ክሪክ ምናምን ሄዳችሁ ተመለሱ፣ ባዶ ሳይክልና የተጫነ ሳይክል መሪው ራሱ ሌላ ነው።

3. ዕቃ

አጭር አድርጌ ላውራ። ድንኳን አንድ ለሁለት ሰው (ካስማዎቹን ቆጥራችሁ)፣ የሚነፋ ፍራሽ፣ ስሊፒንግ ባግ፣ የግንባር ባትሪ፣ ፓወርባንክ፣ የዝናብ ጃኬት፣ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ሳሙና፣ ወረንጦ። ጓደኛዬ ጋቢ ካልያዝኩ ብሎ ነበር፣ ሌሊቱ እንደሚበርድ አውቃለሁ ግን ጋቢ ከረጠበ ሁለት ቀን አይደርቅም፣ ክብደቱም የትየለሌ ነው፣ ነጠላ ደርቡበት ይበቃል። በዕቃ ጉዳይ የተሸነፍኩት በጀበናው ነው፣ የሸክላ ጀበና በፎጣ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ወደሱ እመለሳለሁ።

4. ምግብ፣ እዚህ ላይ እኛ ሐበሾች ቀድመናል

ፈረንጆቹ ካምፒንግ ሲሄዱ በውሃ የሚርስ የደረቀ ምግብ በላስቲክ ይገዛሉ፣ አንዷ ከአስር ዶላር በላይ ናት፣ እኛ እኮ ይሄን ነገር ከጥንት ጀምሮ ቤታችን አለን። በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ። ሁሉም ያለ ፍሪጅ ይቆያል፣ ሁሉም ቀላል ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ የሐበሻ ሱቆች ውስጥ ታገኛላችሁ፣ ከእናታችሁ የተላከ ካለ ደግሞ ሌላ ነው።

በሶ ለጠዋትና ለመንገድ ነው። የሳይክል ጠርሙስ ውስጥ መጀመሪያ ውሃውን አድርጉ፣ በሶውን ቀድማችሁ ከጨመራችሁ ከታች ተጣብቆ ይቀራል፣ ከዛ ሦስት አራት ማንኪያ በሶ፣ ማር፣ ቆንጠር አድርጎ ጨው፣ በደንብ መትታችሁ ሳይዘቅጥ ጠጡት። ጠርሙሱን ግን ወዲያው እጠቡ፣ እስከ ማታ ከቆየ ሽታው አይለቅም።

እንጀራ የመጀመሪያው ማታና ማግስቱ ብቻ ነው፣ ከዛ በኋላ ሙቀት ላይ ይሻግታል። ከዛ በኋላ ድርቆሽ። ማታ ድንኳን ከተከልን በኋላ እንዲህ ነበር የምንሠራው፦ ሽንኩርት በዘይት ጠበስ፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ሲፈላ አንድ የቡና ስኒ ሽሮ (ምጥን ከሆነ ሌላ ቅመም አያስፈልግም) እያማሰላችሁ ትነሰንሳላችሁ፣ ቀጠን ብሎ እንዳለ ድርቆሹን ገልበጥ፣ ክድን፣ ከእሳት ማውጣት። ድርቆሹ ሽሮውን ጠጥቶ ይለሰልሳል፣ ፍትፍት ማለት ነው። በእንጨት ስለሆነ ጭስ ጭስ ይላል፣ ጓደኛዬ ክፍለ ሀገር አያቱ ቤት የበላውን ሽሮ አስታወሰኝ ብሎ ድስቱን በጣቱ ጠረገው። ድስቱ ግን ከውጭ ይጠቁራል፣ ከመጣዳችሁ በፊት ሥሩን ፈሳሽ ሳሙና ቀቡት፣ ጥላሸቱ በቀላሉ ይለቃል።

እሱ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፣ የመጀመሪያው ቀናችን ዓርብ ስለነበረ ጭኮውን እያየ ቆሎ ቆረጠመ፣ ቅቤ አለበት እኮ። የሚጾም ሰው ካለ በፊት ተነጋገሩና በዘይት የሚሠራውን አብዙት፣ በረዶና ኩለር መሸከምም አይኖርም።

አሁን የማትረሱት ነገር፦ ከከምበርላንድ እስከ ሃንኮክ ያለው 60 ማይል ላይ አስተማማኝ ሱቅ አለ ብላችሁ አትውጡ፣ ስልክም ብዙ ቦታ አይሠራም። የሁለት ቀን ምግብ ሙሉ ጭናችሁ ነው መውጣት ያለባችሁ። ከሃንኮክ በኋላ ዊሊያምስፖርት፣ ሼፐርድስታውን፣ ሃርፐርስ ፌሪ፣ ብራንስዊክ እየተከታተሉ ይመጣሉ፣ እዛ ጋ የሚራብ ሰው ራሱ ፈልጎ ነው።

5. ማደሪያና ውሃ

ቅድም መንገዱ ፕላን ይሠራል ያልኩት ይሄን ነው። በየአምስት ስምንት ማይሉ ለእግረኛና ለሳይክል ብቻ የተሠራ የካምፕ ቦታ አለ፣ በጠቅላላው ሰላሳ ገደማ፣ ነፃ ነው፣ ሪዘርቬሽን የለውም፣ ቀድሞ የደረሰ ይተክላል፣ አንድ ቦታ ላይ ማደር የሚቻለው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ጠረጴዛ አለ፣ የእሳት ቦታ አለ፣ ሽንት ቤት አለ፣ በእጅ የሚመታ የውሃ ፓምፕ አለ። ስለዚህ ማታ "ደከመኝ" ካላችሁ ወይ አሁን ያላችሁበት ወይ የሚቀጥለው ነው፣ ሌላ ምርጫ ውስጥ መግባት የለም። የየቦታውን ስምና ማይል በወረቀት ጽፋችሁ መሪው ላይ ለጥፉ፣ ስልክ ይሞታል ወረቀት አይሞትም። ከጆርጅታውን በኩል የመጨረሻው ስዌይንስ ሎክ 16.6 ማይል ላይ ነው፣ ከሱ በታች እንዲህ ያለ ነፃ የካምፕ ቦታ የለም።

ውሃው በአዮዲን የታከመ ነው፣ ጣዕሙ ይታወቃል፣ በሶ ውስጥ ግን ይጠፋል። ፓምፖቹን ከኅዳር አካባቢ እስከ ሚያዝያ ይዘጓቸዋል፣ በወቅቱም አንዳንዱ ተበላሽቶ እጀታው ተነቅሎ ታገኙታላችሁ፣ ስለዚህ የሚሠራ ፓምፕ ባገኛችሁ ቁጥር ያላችሁን ዕቃ ሁሉ ሙሉ፣ "ቀጣዩ ጋ እሞላለሁ" የሚባል ነገር የለም። ለአንድ ሰው አራት ሊትር መያዣ ይኑራችሁ። ማገዶ መሬት ላይ የወደቀ ደረቅ እንጨት ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ቆሻሻ መጣያ የሚባልም የለም፣ ያመጣችሁትን ይዛችሁ ነው የምትወጡት፣ ፌስታል አብዙ።

ማታ ምግብ ድንኳን ውስጥም ድንኳን ሥርም አታስቀምጡ። ሁለተኛው ሌሊት ከውጭ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ሰምቼ ጓደኛዬ ተርቦ ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ ጠዋት ስንነሳ የዳቦ ቆሎው ፌስታል ተቀዶ ራኩን አንድም ሳያስቀር ጠርጎታል። ከዛ በኋላ በገመድ ዛፍ ላይ ሰቀልነው።

6. መንገዱ እንዴት ተከፋፈለ

እንደኛ ሂዱ ማለቴ አይደለም፣ ምን እንደሚመስል እንድታዩት ነው። የማይል ቁጥሩ የሚቆጠረው ከጆርጅታውን ስለሆነ ስትሄዱ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ማታ ከባቡር ስንወርድ ጨልሞ ነበር፣ ኤቪትስ ክሪክ የምትባለው ማደሪያ ግን 180 ማይል ላይ፣ ከከተማው አራት ማይል ብቻ ነች፣ በባትሪ ሄደን እንጀራችንን በልተን ተኛን። ዓርብ እስከ ስቲክፓይል ሂል፣ 31 ማይል። እዚህ መሀል ፖፖ የሚባለው ተነል አለ፣ ርዝመቱ 3,118 ጫማ፣ ሠርቶ ለመጨረስ 14 ዓመት ፈጅቷል፣ ውስጡ በቀንም ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ወርዳችሁ እየገፋችሁ ነው የምታልፉት። መሀሉ ላይ ከወዲያ የሚመጡ ባልና ሚስት አጋጠሙን፣ ሁለት የተጫነ ሳይክል ጎን ለጎን ስለማያልፍ ቦርሳችንን ፈትተን ግድግዳው ጋ ተለጥፈን አሳለፍናቸው፣ ጣሪያው በየደቂቃው አንገቴ ላይ ጠብ ይላል።

ቅዳሜ ዘነበ። ዝናብ ሲመጣ የሚሆን ዘዴ አለ፣ ከሊትል ኦርሊየንስ አካባቢ ጀምሮ ሃንኮክን አልፎ የሚሄድ ዌስተርን ሜሪላንድ ሬይል ትሬይል የሚባል አስፋልት መንገድ ከቦዩ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ጭቃው ሲያስመርራችሁ ወደሱ ውጡ። አንድ ቦታ ላይ ለሌሊት ወፎች ተብሎ የተዘጋ ተነል ስላለ ትንሽ ወደ አፈሩ ትመለሳላችሁ፣ ከዛ እንደገና አስፋልት። ሃንኮክ ገብተን አስቤዛ አድርገን ሊትል ፑል አደርን። እሁድ ረጅሙ ነበር፣ 45 ማይል፣ ቢግ ስላክዋተር ጋ መንገዱ ከገደሉ ሥር ወንዙ ላይ በኮንክሪት የተሠራ ነው፣ ውሃው ከእግራችሁ በታች፣ እዛ ጋ ቀስ በሉ፣ ለማየትም ለመጠንቀቅም።

ሰኞ ሃርፐርስ ፌሪ። ጆን ብራውን በ1859 ባርነትን ለመጣል ብሎ የጦር መሣሪያ ማከማቻውን የያዘባት ከተማ ናት፣ ለማየት ትገባላችሁ። ግን ከቦዩ ወደ ድልድዩ የሚያወጣው ጠምዛዛ የብረት ደረጃ ነው፣ ሳይክሉን ታች ቆልፋችሁ ውጡ። እኛ ዕቃ ይሰረቃል ብለን ተሸክመን ወጣን፣ አስራ ምናምነኛው ደረጃ ላይ የጓደኛዬ ቦርሳ ከብረቱ ጋር ተጋጨ፣ ከፎጣው ውስጥ ቀጭን ድምፅ ወጣ፣ ሁለታችንም ምን እንደሆነ ሳናየው አወቅን። ጀበናው አንገቱ ላይ ነበር የተሰበረው። ከዛ በፊት አራት ቀን ሙሉ ፍሙ ላይ እያፈላ ጎረቤት ድንኳን ያሉትን ሁሉ አጠጥቷል፣ ስቲክፓይል ሂል ላይ አንድ አዛውንት የቡናው ሽታ ስቧቸው መጥተው ሦስተኛውን ሳይጠጡ አልሄዱም። እናንተ ግን የብረት ማንቆርቆሪያ ያዙ፣ ቡናውን ቤት ቆልታችሁ ወቅጣችሁ ሂዱ።

ከሃርፐርስ ፌሪ እስከ ፖይንት ኦፍ ሮክስ የዕቃ ባቡር ሌሊቱን ሁሉ ከጎን ያልፋል፣ እንቅልፍ የምትወዱ እዛ መሀል አትደሩ፣ እኛ አልፈን ኢንዲያን ፍላትስ ገባን። ጠዋት ስትነሱ ሞኖካሲ አክዌደክት እዛው ነው፣ በ1833 ያለቀ፣ ሰባት ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ፣ ቦዩን በወንዝ ላይ ያሻገሩበት፣ ከጉም ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ አይታችሁት ነው ቁርስ የምትበሉት። ከዛ 42 ማይል፣ ግሬት ፎልስ ጋ ስትደርሱ ሰው ይበዛል፣ ደወል።

7. ከጓደኛ ጋር ሳይኮራረፉ

ሁለት ሰው እኩል አይሄድም። እሱ ጠዋት ይበራል፣ እኔ ከምሳ በኋላ ነው የምነቃው። መጀመሪያ ቀን አንዱ አንዱን ሲጠብቅ፣ ስልክ የለም፣ ወደቀ እንዴ እያልን ተጨናነቅን። ከዛ ስምምነት አደረግን፣ በየማይሉ የቁጥር ምልክት ስላለ የቀደመው ለአምስት የሚካፈል ቁጥር ላይ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፣ 140፣ 135፣ 130 እያለ። ሃያ ደቂቃ ጠብቆ ካልመጣ ወደኋላ ይመለሳል። ጭቅጭቁ በቃ ጠፋ።

ገንዘብ ደግሞ ሁለታችን መቶ መቶ ዶላር አንድ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ አደረግን፣ ማንኛውም የጋራ ነገር ከዛ ይከፈላል። አለበለዚያ እናውቃለን አይደል፣ ካሸሩ ፊት "በሞትኩት እኔ ነኝ የምከፍለው" እየተባባልን እጅ ስንጎትት ይመሻል። መኪና ይዞ ይመጣልናል ላልነው ዘመድም ስልክ በሠራ ቁጥር ያለንበትን ማይልና ያለፍነውን ከተማ እንልክለት ነበር፣ "ዛፍ ሥር ነን" ቢሉት ከየት ያገኛችኋል።

8. መዥገር

ይሄን ቀልድ አታድርጉት። ሣር ውስጥ ከገባችሁ መዥገር አለ፣ ላይም (Lyme) የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። በየማታው ከጉልበት ኋላ፣ ብብት፣ ወገብ፣ ከጆሮ ጀርባ እየተያያችሁ ፈትሹ፣ ይሄ ነው ጓደኛ የሚጠቅመው። ካገኛችሁ በወረንጦ ቆዳው ጋ አስጠግታችሁ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፣ በክብሪት ማቃጠል ቅባት መቀባት የለም። በኋላ ባሉት ሳምንታት ቦታው ላይ የሚሰፋ ቀይ ነገር ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን፣ ሲነኩት ቆዳ የሚያሳክከውን ፖይዝን አይቪም አትንኩ፣ ሽንት ቤት ርቆባችሁ ጫካ ስትገቡ በተለይ።

9. ስትደርሱ

ዜሮ ማይል የሚለው ምልክት ጆርጅታውን መሀል አይደለም፣ እኛ እዛ ያለቀ መስሎን ቆመን ተቃቅፈን ነበር፣ ገና ትንሽ ይቀራል። ወንዙ ዳር ከጀልባ ማከራያው ጀርባ ተደብቆ ነው ያለው፣ የሚያየውም ሰው የለም። ከዛ ፎጊ ቦተም ሜትሮ ጥቂት ብሎክ ነው፣ ሳይክል በማንኛውም ሰዓት ይገባል፣ በተንቀሳቃሽ ደረጃው ሳይሆን በሊፍት ውረዱ። ባቡሩ ሙሉ ነበር፣ አምስት ቀን ሙሉ ጭስ ጠጥተን ስለነበረ ግን ዙሪያችን ያለው ወንበር ወዲያው ተለቀቀልን።